ጋሽ ዘይነዲን ከቡልኮው ስር ያሉት

ስለ ጋሽ ዘይነዲን መጻፍ የሚገባው እሳቸውን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ነበር። ችግሩ እንዲህ ያለ ሰው ሮቤም ሆነ ጎባ አለመገኘቱ ነው። የከብት ደላላ ናቸው፤ ስድሳን አልፈዋል፤ ቤታቸው ሮቤ ነው፤ ክረምት ከበጋ ቡልኮ ይለብሳሉ። ከዚህ በላይ አውቃለሁ የሚል ቢኖር ወይ ይዋሻል ወይ ስለ ሌላ ሰው ነው የሚያወራው። ልጃቸው ዙህራ እንኳ አንድ ጊዜ ስለ አባቷ ጠባይ ስትጠየቅ ብዙ አስባ «ሻይ ላይ ስኳር አይወዱም» አለች ይባላል። እሱም ቢሆን በዚያው ሳምንት ሦስት ማንኪያ ሲጨምሩ ታይተዋል።

ስለዚህ ታሪኩ እሳቸውን ከማያውቁት ሰዎች መካከል ትንሽ ይሻላል በሚባለው በደጀኔ በኩል ይነገራል። ደጀኔ በየእሑዱ ለብዙ ዓመት አጠገባቸው ተቀምጧል። ቢያንስ ጎናቸውን ያውቃል።

ደጀኔ ጎባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠራ፣ ሃምሳን የተሻገረ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ጠላት የለውም፤ ምስጢርም የለውም። ጠላት ያጣው በጠባዩ ነው፤ ምስጢር ያጣው በፊቱ። የልቡን ሁሉ ፊቱ ያወጣበታል። ደሞዝ የገባ ዕለት ከመንገድ ማዶ ያለ ሰው ያውቃል። ሚስቱ እኅተማርያም ወጥ ጨው ሲበዛባት «ይጣፍጣል» ይላታል፤ እሷ ግን አፉን ትታ ቅንድቡን አይታ ውሃ ታቀርብለታለች።

እንዲህ ያለ ሰው ፖከር መጫወት አልነበረበትም። ግን ይጫወታል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሸዋዓለም ሻይ ቤት፣ ምድጃው አጠገብ ባለችው ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ አራት ሰው ይቀመጣል፤ ደጀኔ፣ ጋሽ ዘይነዲን፣ የቤቱ ባለቤት ሸዋዓለም ራሷ፣ እና ጸጉር አስተካካዩ ኃይለየሱስ። ጨዋታውን ያመጣው ኃይለየሱስ ነው። ከዓመታት በፊት ቀይ ቀበሮ ሊያጠኑ ሳነቴ ተራራ የወጡ ፈረንጆች ዝናብ አባሯቸው ጎባ ሲከርሙ፣ ጢማቸውን እየላጨ ተማረው።

ደንቡ ከባድ አይደለም። አምስት አምስት ካርታ ይታደላል፤ ያልወደዱትን አንዴ መቀየር ይቻላል፤ ከዚያ እየጨመሩ መሐል ላይ ማስያዝ ነው። የፈራ ካርታውን ጥሎ ይወጣል። ጥሩ ካርታ የያዘ ያሸንፋል፤ ምንም ያልያዘም ሌሎቹን አስፈራርቶ ካስወጣ ያሸንፋል። ኃይለየሱስ የሚወደው ሁለተኛውን መንገድ ነው።

በገንዘብ አይጫወቱም። ጋሽ ዘይነዲን ገና በመጀመሪያው እሑድ «ሳንቲም ካለበት የለሁበትም፤ ሐራም ነው» ብለው ሲነሡ፣ ሸዋዓለም ከጓዳ ባቄላ አምጥታ ለየሰዉ ሁለት ሁለት እፍኝ አደለች። መጀመሪያ ላይ የተቆላ ነበር። ደጀኔ በጭንቀት ካፒታሉን እየቆረጠመ ስለ ጨረሰ ከዚያ ወዲህ ጥሬ ሆነ።

ባቄላው ግን ከገንዘብ የከበደ ነገር ያስይዛል። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ባለው የመጨረሻ እሑድ፣ የአስር ሶላት አዛን ሲሰማ ብዙ ባቄላ የተገኘበት ሰው አንድ ፍርድ ይፈርዳል። ፍርዱም የሚመጣውን ዓመት ሙሉ በአራቱም ላይ ይጸናል። አንድ ዓመት ሸዋዓለም አሸንፋ ስለ ብርድ ማማረር ከለከለች፤ ጎባ ላይ ይህ ማለት አፍን ዘግቶ መክረም ነው። ጋሽ ዘይነዲን አንዴ አሸንፈው «ማንም ማንንም ‹ምን እያሰብክ ነው?› ብሎ አይጠይቅ» አሉ። በቀሩት ዓመታት ሁሉ ያሸነፈው ኃይለየሱስ ነው። በአንዱ ፍርዱ እሱ ያስተካከለውን ጸጉር ማማት ከለከለ። በሌላው ደግሞ ለደጀኔ ስም አወጣ። «መስኮት» አለው።

«ምን ላድርግ?» አለ ያኔ፣ ባቄላውን ወደ ጉያው እየሰበሰበ። «ውጭ ቆሜ ውስጥ ያለው ሁሉ ይታየኛል! ኪንግ ሲይዝ ቅንድቡ ይነሣል፤ ባዶ ሲሆን ‹ስንት ሰዓት ሆነ?› ይላል። ይሄ መስኮት ካልሆነ ምንድን ነው?»

ፍርዱ ለአንድ ዓመት ነበር፤ ስሙ ግን ዓመቱ ሲያልቅ አላለቀም። ከሻይ ቤቱ ወጥቶ ወደ ጸጉር ቤቱ፣ ከጸጉር ቤቱ ወደ መዝገብ ቤቱ ተዛመተ። ባለጉዳይ ሳይቀር «አቶ መስኮት ገብተዋል?» እያለ መጠየቅ ጀመረ። ደጀኔም እንደ ልማዱ ምንም አላለም፤ ፊቱ ነው ያለው።

ነገሩ የከፋው ልጁ ሀይሚ ስትታጭ ነው። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። የሙሽራው የኪሩቤል ቤተሰቦች የሮቤ ሰዎች፣ ኮስታሮች፣ ሲስቁ እንኳ ተራ የሚጠብቁ ናቸው። ኃይለየሱስ ደግሞ ከጸጉር ሥራው በተጨማሪ ሠርግ በማይክ ይመራል፤ ጎባ ውስጥ ለዚህ ከሱ ሌላ ሰው የለም። ሐምሌ ውስጥ በአንዱ እሑድ ካርታውን እየበወዘ ሐሳቡን ገለጠ።

«የዘንድሮ ፍርዴን አስቤ ጨርሻለሁ። ሠርጉ ላይ ማይኩን ይዤ፣ የሙሽሪት አባት ሲገባ፣ ‹ክቡራን እንግዶች፣ ብድግ በሉ፤ አቶ መስኮት መጡ!› እላለሁ። እናንተ ሦስታችሁ ታጨበጭባላችሁ። ፍርድ ነው፤ እምቢ የለም።»

«አታደርገውም» አለች ሸዋዓለም።

«እትዬ፣ ያሸነፈ ይፈርዳል። ካልፈለገ ያሸንፈኝ። ጋሽ መስኮት፣ ታሸንፈኛለህ እንዴ?»

ደጀኔ «አሸንፍሃለሁ» ሊል ነበር። ኃይለየሱስ ግን ፊቱን አይቶ ቀድሞ ሳቀ።

ሀይሚ ወሬው ሲደርሳት አላለቀሰችም። «አባዬ፣ አማቴ አንድ ጊዜ የሰሙትን ስም አይረሱም» አለችው ብቻ። ለደጀኔ ይህ ከለቅሶ ይከፋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቱን ለማስተማር ቆረጠ።

መጀመሪያ መስታወት ፊት ቆመ። ኪንግ ይዣለሁ ብሎ ያስባል፤ ቅንድቡ ይነሣል፤ በጣቱ ወደ ታች ይጫነዋል። እኅተማርያም ከኋላው መጥታ ለሁለት ቀን አየችው፤ በሦስተኛው ጸበል እንሂድ አለችው። ቀጥሎ ደስ ሲለው የሚያሳዝን ነገር ማሰብ ሞከረ። በሚቀጥለው እሑድ ሦስት ኩዊን ደረሰውና ቶሎ ብሎ የሞተች አክስቱን አሰበ። እንባው ካርታው ላይ ጠብ አለ። ሦስቱም ተጫዋቾች ካርታቸውን ጥለው አጽናኑት፤ በሦስት ኩዊን ሦስት ባቄላ አገኘ።

ከዚያ ፊትን ማደንዘዝ ይሻላል ብሎ፣ ከቤት ውጭ በየሄደበት ምንም ላለማሳየት ተለማመደ። አለቃው የእርከን ዕድገቱን ሲያበስሩት እንደ ድንጋይ አያቸው። «ንቆኛል» ብለው ደብዳቤውን ለአንድ ወር አዘገዩት። ጎረቤት ለቅሶ ሄዶም እንዲሁ ፊቱን አድርቆ ተቀመጠ። የሟች ወንድም ሲሸኘው «ከሟች ጋር ቅያሜ እንደነበራችሁ አላውቅም ነበር» አለው። ደጀኔ አልነበረንም ለማለት እንኳ ፊቱን ማላቀቅ አቃተው።

እኅተማርያም ናት በመጨረሻ መላ የሰጠችው። «አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ ከምትሆን ያን ሽማግሌ ለምን አትጠይቃቸውም? ዕድሜ ልካቸውን ገበያ ውለው ማንም ፊታቸውን አንብቦ አያውቅም።»

ደጀኔ በሮቤ ገበያ ቀን ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ጠይቆ፣ የቢሮ ጫማውን እንዳደረገ በሚኒባስ ወረደ። ነሐሴ ነው፤ ከብት ተራው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ሆኗል። ጋሽ ዘይነዲን መሐል ላይ ቆመዋል። ከፊታቸው አንድ ቦቃ በሬ ከብድሬ ድረስ ነድቶ የመጣ አብዱልመሊክ የሚባል ግዙፍ ሰው አለ። የሁለቱም ቀኝ እጅ በጋሽ ዘይነዲን ቡልኮ ስር ገብቷል። አፋቸው ግን ስለ ዝናብ ያወራል።

«እናንተ ጋስ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ዘንድሮ ጥሩ ነው። እዚህ ግን ጭቃው በዛ።»

«በዛ። ስንዴው ወዶታል።»

ቡልኮው ላይ አንድ ነገር ይንፈራገጣል። ከስር ጣት ይያዛል፣ ይለቀቃል፣ ይቆነጠጣል፤ ዋጋ ይጠራል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል። በዙሪያቸው የቆመው ሰው ሁሉ ያያል፤ ማንም ምንም አያውቅም። ደጀኔ ያን መንፈራገጥ ለየው። ሸዋዓለም ቤት አንድ ሰው ባቄላ በጨመረ ቁጥር የጋሽ ዘይነዲን ቡልኮ ልክ እንዲህ ይሆናል። እስከዛሬ የሸዋዓለም ድመት ናት ብሎ ነበር የሚያምነው።

አብዱልመሊክ አልተስማማም፤ እጁን አውጥቶ በሬውን ሊያጠጣ ዞር አለ። ደጀኔ ተጠጋ።

«አካም ጅርቱ፣ ጋሽ ዘይኑ?»

«ናጋ። ምነው ዛሬ? እሑድ ደረሰ እንዴ?»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«ጠይቅ። ካልመለስኩ አትቀየም።»

«ፊቴን እንዴት አድርጌ ልደብቀው?»

ጋሽ ዘይነዲን ፊቱን እንደ ከብት ጥርስ መረመሩት።

«ፊት አይደበቅም» አሉ። «ሥራ ይሰጠዋል። የሚለፈልፈው ሥራ የፈታ ፊት ነው። የኔን አላየህም? ዝናብ ሰጥቼው እኔ በሬ እገበያያለሁ።»

«እና እኔ ካርታ ስይዝ ምን ልስጠው?»

«እሱን ራስህ ፈልግ። ና፣ እጅህን አምጣ።»

እጁን ቡልኮው ስር አስገብተው አስተማሩት። አንድ ጣት ከተያዘ አንድ ነው፤ ሙሉ መዳፍ አምስት። የትንሿ ጣት ጫፍ ስትቆነጠጥ «ይህ ከብት ውስጡ ባዶ ነው፤ ቆዳና አጥንት ብቻ» ማለት ነው። መዳፍ ሁለቴ ጠበቅ ጠበቅ ከተደረገ ግን ነገሩ አለቀ፤ ተሸጠ።

«ሰው ‹ስንት ተባባላችሁ?› ብሎ ቢጠይቅስ?»

«አይጠይቅም። ከቡልኮ ስር ያለውን መጠየቅ ነውር ነው።»

አብዱልመሊክ ሲመለስ ጋሽ ዘይነዲን በኦሮምኛ አንድ ነገር ነገሩት፤ ሰውየውም ስቆ እጁን ዘረጋ። ደጀኔ ልምምድ መሆኑ ነው ብሎ ቡልኮው ስር እጁን ሰጠ። ስለ ዝናብም መናገር ጀመረ። መልካም እየሄደለት ነበር፤ ጣት ይይዛል፣ ይለቃል፣ ፊቱ ስለ ስንዴ ይጨነቃል። በዚህ መሐል ጨው የጫነ አህያ ከኋላው መጥቶ ወገቡን ገፋው። ደጀኔ እንዳይወድቅ ያገኘውን መዳፍ ጭብጥ አደረገ። አህያው ደገመው፤ ደጀኔም ደገመ።

የአብዱልመሊክ ፊት በራ። «ረቢ ሃ ኤቢሱ!» ብሎ መረቀውና የበሬውን ገመድ እጁ ላይ አኖረለት።

«ጋሽ ዘይኑ! አህያው ነው! አህያው ነው የገፋኝ!»

«አይቻለሁ» አሉ ጋሽ ዘይነዲን። «የጨበጠው እጅ ግን ያንተ ነው።»

«ይሰርዙልኝ እንጂ!»

«ከብድሬ ነድቶ የመጣ ሰው ነው። እጅ ከተጨበጠ በኋላ ላፍርስ ብል፣ ነገ ማን እጁን ይሰጠኛል? ደግሞስ ልጅ ትድር የለ? ያለ በሬ የሚደገስ ሠርግ የት አየህ?»

ደጀኔ ለሠርጉ ካስቀመጠው ብር ላይ በስልኩ ላከ። ከዚያ በሬውን ይዞ ወደ ጎባ በእግሩ ጀመረ፤ ይጎትተው የነበረው ግን በሬው ነው። በሬው ብድሬ መመለስ ይፈልጋል። ገበሬው ከማሳ፣ ተሳፋሪው ከሚኒባስ እየጮኸ መከረው፤ አንዱ ቀንዱን ያዝ ይለዋል፣ ሌላው ጅራቱን። ጎባ ሲደርስ አንደኛው ጫማ መንገድ ላይ ቀርቷል። ኃይለየሱስ ከነመቀሱ ጸጉር ቤቱ በር ላይ ወጣ፤ ግማሽ ጸጉሩ የተቆረጠ ደንበኛም ተከትሎት ወጣ።

«ጋሽ መስኮት! ማን ነው ማንን የሚነዳው?»

እኅተማርያም በሩን ከፍታ መጀመሪያ በሬውን፣ ቀጥላ ባሏን አየች። የሆነውን ሁሉ ከፊቱ አንብባ ስለ ጨረሰች መጠየቅ አላስፈለጋትም።

«ሠርጉ ጥር ነው» አለች። «እኔ እስከማውቀው ከነሐሴ ቀጥሎ ጥር አይመጣም።»

በሬውን «እንግዳህ» እያለች ትጠራው ጀመር። እንግዳህ ጎመኑን ጨረሰ። እንግዳህ የጎረቤትን አጥር ገፋ። እንግዳህ ሌሊት ያገሳል። የድርቆሹ ነገርም አለ፤ ደጀኔ ከመሥሪያ ቤት ሲወጣ ቀጥታ ድርቆሽ ፍለጋ ይሄዳል። ስለ ፖከር ማሰብ ተወ። መስታወት ፊት መቆም ተወ። ቅንድቡ የት እንዳለ እንኳ ረሳው።

የመጨረሻው እሑድ በዚህ ዓይነት ደረሰ። ያን ዕለት ጠዋት በሬው ገመዱን በጥሶ፣ እኅተማርያም አየር እንዲያገኝ ብላ ልብስ ማስጫው ላይ የሰቀለችውን የደጀኔን የሠርግ ሱፍ አገኘው። ሲደርሱበት የኮቱን ቀኝ እጅጌ እስከ ክርኑ ድረስ በልቶ በጸጥታ ያመነዥካል።

«መልካም ነው» አለች እኅተማርያም፤ ድምፅዋ በጣም ዝቅ ብሎ ነበር። «በአንድ እጅጌ ትገባለህ፤ ኃይለየሱስ በማይክ ይጠራሃል፤ የሀይሚ አማቶችም ያጨበጭባሉ። አሁን ሂድ፤ ካርታህን ተጫወት።»

ሸዋዓለም ቤት ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል። ብርዱ ስለ ጠና ጋሽ ዘይነዲን እንደ ሁልጊዜው የቡልኮዋቸውን ጫፍ በደጀኔ ጉልበት ላይ ጣል አደረጉለት። ደጀኔ በቀኝ እጁ ካርታውን ያዘ፤ ግራ እጁን ቡልኮው ስር አሞቀ።

ኃይለየሱስ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ግራ ተጋባ። የደጀኔ ፊት ላይ ሐዘን አለ። ካርታ ሲታደል ሐዘን፤ ሲቀይር ሐዘን፤ ሲያሸንፍም ያው ሐዘን። ሁለት ኪንግ ይዞ «እህ» ብሎ ተነፈሰ፤ ኃይለየሱስ ባዶ ነው ብሎ ጨመረበትና ተበላ። በሚቀጥለውም ዙር ተነፈሰ፤ ኃይለየሱስ ኪንግ ይዟል ብሎ ጣለ፤ ደጀኔ ምንም አልያዘም ነበር።

«ምን ሆነሃል ዛሬ?»

«እጅጌ» አለ ደጀኔ።

«ምን እጅጌ?»

«ተወኝ እባክህ።»

ደጀኔ ፊቱ ሥራ ማግኘቱን ገና አላወቀም። ያወቁ አንድ ሰው ቢኖሩ ጋሽ ዘይነዲን ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ሻያቸውን እያማሰሉ ነበር።

ሸዋዓለም ባቄላዋን አሟጣ ወደ ምድጃው ዞረች። ጋሽ ዘይነዲን ጥቂት ቀርቷቸዋል። ደጀኔና ኃይለየሱስ ከሞላ ጎደል እኩል ሆኑ። የአስር ሶላት እየቀረበ ነው፤ ከእንግዲህ ከአንድ ዙር አያልፍም። ሸዋዓለም ካርታ አደለች። ጋሽ ዘይነዲን አይተው ወዲያው ጣሉና ሁለቱንም እጃቸውን ቡልኮው ስር ከተቱ። ለደጀኔ ሁለት ሰባት ደረሰው፤ ቀሪው የማይረባ ነው። ሦስት ቀየረ፤ የመጣለትም የማይረባ ነው። ኃይለየሱስ አንዲት ብቻ ቀየረ፤ አያትና ፈገግ አለ። ከዚያ በሁለት እጁ ባቄላውን ሁሉ ወደ መሐል ገፋው።

«ሁሉንም» አለ። «በል ጋሽ መስኮት። ሠርጉ ላይ ቀስ ብዬ እጠራሃለሁ፤ አትፍራ።»

ደጀኔ ሁለቱን ሰባቶች አየ። ከጣለ ጥቂት ባቄላ ይጎድለዋል፤ ዓመቱን ኃይለየሱስ ይወስዳል። ገብቶ ከተሸነፈም ያው ነው። ልዩነቱ በፍርሃት መሸነፍና በድፍረት መሸነፍ ብቻ ነው። የሀይሚ አማት አንድ ጊዜ የሰሙትን ስም አለመርሳታቸው ትዝ አለው።

በዚህ ጊዜ ቡልኮው ስር ሁለት ጣቶች መጥተው የግራ እጁን የትንሿን ጣት ጫፍ ቆነጠጡት።

ቀስ ብለው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ። ውስጡ ባዶ ነው፤ ቆዳና አጥንት።

ደጀኔ ዞር ብሎ አላየም። ድሮ ቢሆን ቅንድቡ ጣራ ይነካ ነበር። ልቡ ዘለለ፤ ፊቱ ግን ሊከተለው ፈልጎ ጊዜ አጣ። ፊቱ ከጠዋት ጀምሮ የተበላ እጅጌ ተሸክሟል። ኃይለየሱስ አፍጥጦ አየው፤ ያገኘው ያንኑ በሬ ነው።

«ይታይ» አለ ደጀኔ፤ ባቄላውን በሙሉ ገፋ።

የኃይለየሱስ ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ ባለቤቱ የሄደበት ፈገግታ ሆኖ ትንሽ ቆየ። ካርታውን አንድ በአንድ ገለጠ። አንድ ኪንግ፣ ከሱ በኋላ አራት እርስ በርስ የማይተዋወቁ ካርታዎች። ደጀኔ ሁለት ሰባቱን ዘረጋ።

«በሰባት!» ብላ ጮኸች ሸዋዓለም። «በሁለት ሰባት ይሄን ሁሉ ባቄላ! አንተ ሰው፣ ልብ አለህ ለካ!»

አዛኑ ተሰማ። ጋሽ ዘይነዲን እጃቸውን ከቡልኮው ስር አውጥተው ሻያቸውን ጨረሱ።

«ፍርድ!» አለች ሸዋዓለም።

ደጀኔ ለወራት ያሰበው ረጅም ንግግር ነበረው፤ ስለ ሰው ስም ክብር፣ ስለ ጉርብትና። አሁን የመጣለት ሦስት ቃል ብቻ ነው።

«ስሜ ደጀኔ ነው።»

«ሠርጉ ላይም?» አለ ኃይለየሱስ።

«ሠርጉ ላይም፣ ጸጉር ቤትህም።»

«እሺ ጋሽ… ጋሽ ደ…» ኃይለየሱስ ጉሮሮውን ጠረገ። «አፌ አለመደውም እኮ!»

«ዓመት አለህ፤ ትለምደዋለህ» አለች ሸዋዓለም ባቄላውን ወደ ቁናው እየመለሰች። «ሲጠፋብህ እኔ ጋ እየመጣህ ጠይቅ።»

ደጀኔ አልሳቀም። ትንሿ ጣቱ ላይ አሁንም የሆነ ነገር አለ። ኃይለየሱስ ባቄላ በጨመረ ቁጥር ያ ቡልኮ መንቀሳቀሱን ያውቃል፤ ዓመታት ሙሉ ድመት መስሎት አይቶታል። የደላላ እጅ ነው፤ ዕቃ ሲቀርብለት ሳያስበው ዋጋ ይጠራል። እጁን እዚያ ያስቀመጠ ደጀኔ ራሱ ነው፤ ድንገት አግኝቶት ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ስሙን በገዛ ልቡ ነው ያስመለሰው። ሆን ተብሎ ከሆነ ግን ኃይለየሱስ የተሸነፈው በሁለት ሰው ነው፤ ፍርዱም የተሰረቀ ፍርድ ነው። የተሰረቀ ስም ይዞ ደጀኔ ሠርግ ላይ መግባት አይችልም። ስለማይዋሽ ሳይሆን፣ ፊቱ ስለሚያወጣበት ነው።

ጋሽ ዘይነዲን መስጊድ ሰግደው ሲወጡ ዝናቡ ካፊያ ሆኗል። ደጀኔ በር ላይ ጠበቃቸው። የሮቤ ሚኒባስ እስከሚቆምበት ድረስ አብረው ወረዱ። ስለ ካፊያው አወሩ። ስንዴው እንደሚወደው ተስማሙ። ሚኒባሱ ጋ ሲደርሱ ደጀኔ መታገሥ አቃተው።

«ጋሽ ዘይኑ፣ ነውር መሆኑን ነግረውኛል። ግን ልጠይቅዎ። ያቺን ጣት… አስበውበት ነው ወይስ እጅዎ ለምዶበት? እውነቱን ይንገሩኝ። ሆን ብለው ከሆነ አሁን ተመልሼ ፍርዱን እተዋለሁ።»

ጋሽ ዘይነዲን አዩት። ደጀኔም አያቸው፤ ዓመታት ሙሉ ጎናቸውን ብቻ ሲያይ ኖሮ ፊት ለፊት ሲያያቸው ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ደግ ፊት ነው። ሥራ ላይ ያለ ፊት ነው።

«ገበያ ላይ የገፋኝ፣ ጨው የጫነው አህያስ የማን ነበር?» አለ ደጀኔ፤ ይህ ደግሞ ከየት እንደመጣለት ራሱም አላወቀም።

ጋሽ ዘይነዲን ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ቡልኮዋቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና በሩ ሳይዘጋ ወደ እሱ ጎንበስ አሉ።

«በሬው ይበላል?»

«ይበላል» አለ ደጀኔ።

«ደግ» አሉና ወደ ሾፌሩ ዞሩ። «ንካው።»